የቀን እንቅልፋችሁን ማን ነው የሚሰርቃችሁ?

አዲስ ናይት (የሌሊት ፈረቃ) የጀመረ ሰው የሚሰማው ምክር ያው አንድ ነው፤ «አይዞህ፣ ትለምደዋለህ»። ሁልጊዜ ሌሊት ብቻ ለሚሠራ ሰው በከፊል እውነት ሊሆን ይችላል። ፈረቃው ለሚቀያየርበት ግን አይሠራም። ይህን ሳምንት ጠዋት፣ የሚቀጥለውን ማታ፣ ከዚያ ሌሊት ስትገቡ ሰውነታችሁ የቱን ይልመድ? ብዙ ዓመት በፈረቃ ሠርቻለሁ። ሲሰነብቱበት ያየኋቸው ሰዎች ጠንካሮቹ አይደሉም። እንቅልፋቸውን እንደ ሥራ ሰዓት ቆጥረው የማያስነኩት ናቸው።

ከመቀጠሌ በፊት፣ ሰዓቱን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። ከስልካችሁ ጋር እንዳይምታታባችሁ።

ጭንቅላታችን ውስጥ ቀንና ሌሊትን የሚቆጥር ትንሽ ክፍል አለ። ሰዓቱን የሚያስተካክለው በዓይን በሚገባ ብርሃን ነው። ሲመሽ ሜላቶኒን የሚባለው ሆርሞን ይለቀቃል፣ የሰውነት ሙቀት መውረድ ይጀምራል፣ እንቅልፍ ይመጣል። ሙቀቱ በጣም ዝቅ የሚለው ከሌሊቱ 10 እስከ 11 ሰዓት ገደማ ነው። ናይት የሠራ ሁሉ ያቺን ሰዓት ያውቃታል። ዓይን ተከፍቶ ጭንቅላት ይተኛል። አሜሪካ ውስጥ የስሪ ማይል አይላንድ የኒውክሌር ጣቢያ አደጋ እ.ኤ.አ. በ1979 የጀመረው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነበር። ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም ሰዓቱ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። መድኃኒት የምትሰጡ፣ ማሽን የምታንቀሳቅሱ፣ በዚያች ሰዓት የሠራችሁትን ደግማችሁ እዩት። ጥንቃቄ የሚፈልገውን ሥራም ከተቻለ ቀደም ብላችሁ ጨርሱት።

የሰውነት ሰዓት በአንድ ቀን ከአንድ ሰዓት ብዙም አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ሁለት ሦስት ሌሊት ብቻ ገብታችሁ ወደ ቀን የምትመለሱ ከሆነ ራሳችሁን ለመገልበጥ አትታገሉ። በቀን የቻላችሁትን ያህል ተኙ፣ በእረፍት ሰዓት ሸለብ አድርጉ፣ ኦፍ ስትሆኑ እንደ ሰው ሁሉ ሌሊት ተኙ። ለሳምንታት ተከታታይ ናይት ለሚገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ በኦፍ ቀናችሁ ሙሉ በሙሉ ወደ ቀን ኑሮ አትመለሱ፤ መሀል ላይ ቁሙ። ለምሳሌ ሥራ ሲኖር ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት የምትተኙ ከሆነ፣ ኦፍ ቀን ከሌሊቱ 9 እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ተኙ። ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ያለው እንቅልፍ በሁለቱም ቀን ሳይነካ ይቀራል። ሰውነት የሚይዘው ነገር ያገኛል።

ስኬጁል ላይ ሐሳብ የመስጠት ዕድል ካላችሁ ወደፊት የሚሄደውን ጠይቁ። ጠዋት፣ ከዚያ ማታ፣ ከዚያ ሌሊት። የሰውነት ሰዓት ከ24 ሰዓት ትንሽ ስለሚረዝም አምሽቶ መተኛት ቀድሞ ከመተኛት ይቀለዋል።

የመጀመሪያው ናይት ከሁሉም ይከብዳል። ጠዋት 1 ሰዓት ተነስቶ፣ ቀኑን ጉዳይ ሲያስፈጽም ውሎ፣ ማታ ሥራ የገባ ሰው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ 21 ሰዓት ሳይተኛ ቆይቷል። 17 ሰዓት ያህል ያልተኛ ሰው ቅልጥፍናው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው እንደሚወርድ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ጥናት አሳይቷል። እና በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሳትተኙ ከቤት አትውጡ።

መኝታ ቤቱን በተመለከተ የምለው አጭር ነው። ድቅድቅ አድርጋችሁ አጨልሙት። ብርሃን የማያሳልፍ መጋረጃ ላይ ገንዘብ አትሰስቱ። ቀዝቀዝ ይበል፣ 18 ዲግሪ አካባቢ። የጆሮ መድፈኛም ርካሽ ነው። አራት አምስት ሰዓት ተኝታችሁ እንቅልፉ ጥሎ ከሄደ አልጋ ላይ አትገላበጡ። ተነሱ፣ ጉዳያችሁን ጨርሱ፣ ከሥራ በፊት የቀረውን ተኙ። ተከፍሎም ቢሆን በጠቅላላው ሰባት ሰዓት መሙላቱ ነው ቁም ነገሩ።

አሁን ወደ ሌባው እንምጣ። አብዛኛውን ጊዜ ስልክ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ያለ ሰው በፈረንጆቹ የብርድ ወራት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጋደም ሲል አገር ቤት ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ሰው ከሥራ ወጥቶ ዘመድ የሚያስታውስበት ሰዓት! አውሮፓ ያለው ደግሞ የሰዓት ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ አገር ሁሉ ነቅቶ በሚሠራበት ሰዓት ነው የሚተኛው። እናት፣ አክስት፣ የሰፈር ልጅ፣ ሁሉም «ቀን ነው» ብሎ ይደውላል። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። ስልኩንም አናጠፋም። ለምን? መርዶ ወይም ድንገተኛ ሕመም ይኖር ይሆን ብለን።

መፍትሔው ቀላል ነው። ስልኩን «አትረብሽ» ላይ አድርጉና ከቤተሰብ አንድ ሰው ብቻ እንዲያልፍ ፍቀዱ። አስቸኳይ ነገር ካለ በእሱ በኩል ይምጣ። ለሌላው ሁሉ የምትገኙበትን ሰዓት አስታውቁ። አሜሪካ ለምትኖሩ ደግሞ አንድ ጥሩ አጋጣሚ አለ። በብርዱ ወራት ዋሽንግተን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን አገር ቤት ረፋድ 4 ሰዓት ነው። የሥራ እረፍታችሁ እዚያ ላይ ከዋለ እማማን ያኔ ደውሉላቸው። እሳቸውም ደስ ይላቸዋል፣ እናንተም ትነቃላችሁ።

ሁለተኛው ሌባ እዚሁ ያለው ወዳጅ ነው። ናይት የሚሠራ ሰው ቀን ቤት ስለሚገኝ ሥራ ፈት ይመስለዋል። «አንተ ቀን ነፃ ነህ አይደል፣ ኤርፖርት ብትቀበልልኝ?» «ልጆቹን ለሁለት ሰዓት ብትይዢልኝ?» በቀን እንቅልፋችሁ ሰዓት የሚመጣ ጥያቄ ሁሉ እሱን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ቀስቅሶ እንደመጠየቅ መሆኑን ንገሩት። ይሉኝታ ይይዘናል፣ አውቃለሁ። አንዴ በግልጽ የተነገረው ወዳጅ ግን ከሦስት ወር በኋላ ከማኩረፍ ይልቅ ሰዓታችሁን ያውቅላችኋል።

ቡና ጠላት አይደለም፣ ሰዓቱ ነው ችግሩ። የጠጣችሁት ካፌይን ግማሹ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ደማችሁ ውስጥ አለ። በፈረቃው መጀመሪያ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ ጠጡ፤ ልትተኙ ስድስት ሰዓት ሲቀር አቁሙ። የምወደው ዘዴ ደግሞ ይኸው። ቡናውን ጠጥቶ ወዲያው 20 ደቂቃ መተኛት። ካፌይኑ መሥራት ሲጀምር ትነሳላችሁ። ከዚያ ረዘም ካደረጋችሁት ግን ፈዛችሁ ልትነሱ ትችላላችሁ። አልኮል ለእንቅልፍ ብሎ መጠጣት አያዋጣም። ቶሎ ያስተኛል፣ መሀል ላይ ይቀሰቅሳል።

ወደ ቤት የሚነዳ ሰው እዚህ ላይ ያንብበኝ። መስኮት መክፈትና ሙዚቃ ማስጮህ አያድኑም። ያለፈው መብራት አረንጓዴ ይሁን ቀይ ካላስታወሳችሁ፣ መኪናው ከመስመሩ ከወጣባችሁ፣ ደኅና ቦታ አቁማችሁ ተኙ። የጠዋት ፀሐይ ስለሚያነቃ ጥቁር መነጽር ማድረግ ለእንቅልፍ ይረዳል። እያንቀላፋ ለሚነዳ ግን አይሆንም። መነጽሩ በአውቶቡስ ለሚሄድ ነው።

ከናይት ወጥቶ ሁለተኛ ሥራ የሚገባ ብዙ ወገን አለ። የቤት ኪራዩን፣ የሚላከውን ገንዘብ አውቃለሁ፤ «ተው» ማለት ለእኔ ቀላል አይደለም። ግን ቢያንስ ሁለቱን ፈረቃ በአንድ ቀን አታገናኟቸው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በ24 ሰዓት ውስጥ 11 ተከታታይ የእረፍት ሰዓት፣ ለሌሊት ሠራተኛ ደግሞ ነፃ የጤና ምርመራ ይሰጣል። ጠይቁ። አሜሪካ ውስጥ በአብዛኛው ሥራ እንዲህ ያለ የፌዴራል ሕግ ስለሌለ እረፍቱን የምታስከብሩት ራሳችሁ ናችሁ።

ሜላቶኒን አሜሪካ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል፣ እንግሊዝ ግን በትእዛዝ ነው። የትም ሁኑ፣ በተለይ ሌላ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ። ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም የሚጥል በሽታ ያለባችሁ ፈረቃችሁን ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ የመድኃኒት ሰዓቱ መስተካከል ሊኖርበት ይችላል። በቂ ሰዓት ተኝታችሁ ድካሙ ካልለቀቃችሁ፣ ወይም እያንኮራፋችሁ ትንፋሻችሁ ይቆማል ከተባላችሁ፣ በሥራው ብቻ አታሳብቡ። የሁለት ሳምንት የሥራና የእንቅልፍ ሰዓታችሁን በወረቀት ጻፉና ይዛችሁ ሂዱ። «ይደክመኛል» ከማለት ይልቅ ያ ወረቀት ሐኪሙን ቶሎ ወደ ምክንያቱ ያደርሰዋል።