«ካላመመኝ ጥርስ ሐኪም ጋ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 36 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው አዳማ ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። እግዚአብሔር ይመስገን ጥርሴን አሞኝ አያውቅም፣ ስቦርሽ ድዴ ትንሽ ይደማል እንጂ። ጓደኛዬ በየጊዜው ታይተሽ ታጠቢ እያለች ትጨቀጭቀኛለች፣ እህቴ ደግሞ ማሳጠብ ጥርስ ያሳሳል፣ ከዛ ይነቃነቃል ትለኛለች፣ የማንን ልስማ? ሌላው የ7 ዓመት ልጄ ኋላ ያለ ጥርሱ ላይ ጥቁር ነገር አይቻለሁ፣ የወተት ስለሆነ ይወልቃል ብዬ ትቼዋለሁ። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ከልጅሽ ልጀምርና ወዳንቺ እመለሳለሁ፣ ምክንያቱም የሚያስቸኩለው የሱ ነው። ልጆች 6 ዓመት አካባቢ ሲሆናቸው አንድ ትልቅ መንጋጋ ጥርስ ያበቅላሉ፣ ይሄ ጥርስ የሚወጣው የወለቀ ጥርስ ቦታ ላይ አይደለም፣ ከወተት ጥርሶቹ ኋላ ባዶ ድድ ላይ ነው፣ ምንም ስላልወለቀ እናትም አባትም መውጣቱን አያውቁም፣ ሲያዩትም የወተት ይመስላቸዋል። እሱ ግን ቋሚ ነው፣ ቢነቀል ሌላ የሚተካው የለም። ዛሬ ማታ አፉን አስከፍተሽ በስልክሽ መብራት እዪው። ከፊት መሀል ጀምረሽ ወደ አንድ ጎን ቁጠሪ፣ የወለቀ ካለ ክፍተቱንም እንደ ጥርስ ቁጠሪው፣ እስከ አምስተኛው የወተት ጥርስ ቦታ ነው፣ ስድስተኛ ካገኘሽ ያ ቋሚው ነው። ጥቁሩ እዛ ላይ ከሆነ በዚህ ሳምንት ውሰጂው በጣም ነው የምለምንሽ።

አምስተኛው ላይ ቢሆንም ዝም አይባልም። የወተት መንጋጋዎች እስከ 10 እና 12 ዓመት ድረስ ይቆያሉ፣ መግል ከያዙ ከስር የሚያድገውን ጥርስ ሊጎዱት ይችላሉ፣ ያለጊዜያቸው ከተነቀሉ ደግሞ ጎረቤት ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ያዘነብሉና ቋሚው መውጫ አጥቶ ተጣሞ ይወጣል።

ደግሞ አዳማ ነሽና ሌላም ነገር ሊሆን ይችላል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ወንጂ መተሐራ ዝዋይ አካባቢ፣ የጉድጓድ ውሃው ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይበዛበታል (የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው)፣ ስለዚህ ብዙ ልጅ ጥርሱ ላይ ቡናማ ነገር ይዞ ያድጋል። ያ መበስበስ አይደለም፣ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሳለ የያዘው ቀለም ነው። ሁለቱን በዓይን ብቻ መለየት ከባድ ነው፣ ሐኪም ጥርሱን በአየር አድርቆ በመስታወትና በመብራት ሲያየው ነው የሚለየው። ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ መንጋጋው አናት ላይ ያሉትን ስንጥቆች ሲላንት በሚባል ነገር ያሽግለታል፣ ስንጥቆቹ በጣም ከመጥበባቸው የተነሳ የብሩሽ ፀጉር እንኳን አይገባባቸውም።

አሁን ወዳንቺ። አላመመኝም ያልሽው ነው ያሳሰበኝ። የጥርስ የላይኛው ቅርፊት ኢናሜል ነርቭ የለውም። ባክቴሪያው ስኳሩን በልቶ አሲድ እያመረተ ቅርፊቱን ሲያሟሟ አንቺ ምንም አይሰማሽም፣ መጀመሪያ የሚታየው ነጭ ነጠብጣብ ነው፣ እዚህ ላይ ከተደረሰበት በፍሎራይድ ብቻ ሳይቆፈር ሊመለስ ይችላል። ካለፈ ግን ውስጥ ይገባል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካሽ መጠዝጠዝ ይጀምራል፣ ከዛ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው ህመም ሲመጣ ነርቩ ጋ ደርሷል ማለት ነው፣ ያኔ ወይ ሩት ካናል (የተጎዳውን ነርቭ አውጥቶ ሥሩን መሙላት) ወይ መንቀል ነው፣ ቀድሞ ቢሆን ግን በትንሽ ሙሌት ያልቅ ነበር። በሁለት ጥርስ መሀል የሚጀምረው ደግሞ በመስታወትም አይታይም፣ ራጅ ነው የሚያወጣው። አንድ ሰውዬ ሲያመው ከፋርማሲ አሞክሳሲሊንና ዲክሎፌናክ እየገዛ ወራት ቆይቶ አንገቱ አብጦ አፉን መክፈት አቅቶት መጥቶ ነበር፣ የሁሉም መነሻ አንድ መንጋጋ ጥርስ ብቻ ነበር። ተረፈ፣ ግን ሆስፒታል ተኝቶ ነው።

ድድሽ መድማቱን «ትንሽ» ብለሽ አትለፊው። ጤነኛ ድድ ሲቦረሽ አይደማም። ሐኪሙ ሚሊሜትር የተጻፈበት ቀጭን ብረት በድድና በጥርስ መሀል አስገብቶ ይለካል፣ ከ1 እስከ 3 ከሆነ ደህና ነው፣ 4 እና ከዛ በላይ ሲሆን ጥርሱን የያዘው አጥንት መጎዳቱን ያጣራል፣ እሱም ሳያምሽ ነው የሚሄደው፣ የሄደ አጥንት ደግሞ እንደነበረው አይመለስም። ገና ድዱ ብቻ ከሆነ ግን ሙሉ በሙሉ ይድናል። ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ድዱ ቶሎ ይጎዳል፣ ስለዚህ በቤተሰብሽ ካለ ስኳርሽንም ተለኪ።

እህትሽ ያለችውን ብዙ ሰው ይለዋል፣ ከየት እንደመጣም ይገባኛል። ብሩሽ ያላነሳው ቆሻሻ ይጠነክርና ታርታር ይሆናል፣ እንደ ሲሚንቶ በጥርሶቹ መሀል ይሞላል፣ አንዴ ከጠነከረ ብሩሽም መፋቂያም አያነሳውም። ሲታጠብ ያ ሲሚንቶ ይነሳና ክፍተቱ በምላስሽ ይታወቅሻል፣ ለጥቂት ቀናትም ቀዝቃዛ ነገር ይጠዘጥዝሻል፣ ሰው ጥርሴ ሳሳ የሚለው ይሄን ነው። ከታጠበ በኋላ ተነቃነቀ የሚባለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አጥንቱ ቀድሞ የሄደ፣ ታርታሩ ብቻ ደግፎ የያዘው ጥርስ ነው።

ጓደኛሽ «በየጊዜው» ላለችው፣ በየ6 ወሩ የሚባለው ለሁሉም አንድ አይነት አይደለም። የእንግሊዝ መመሪያ ለአዋቂ እንደ ሰውየው ሁኔታ ከ3 ወር እስከ 2 ዓመት ይላል፣ ከ18 ዓመት በታች ላሉ ግን ከ12 ወር እንዳያልፍ ይላል። አንቺ ድድሽ እስኪድን ቶሎ ቶሎ ብትታዪ ነው የምመርጠው። ሲያዩሽ ምላስሽንና ጉንጭሽንም እንዲያዩልሽ ጠይቂ፣ ከ3 ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል፣ በተለይ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ላይ፣ በቶሎ መመርመር አለበት።

ቤት ውስጥ በቀን ሁለቴ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ቦርሺ፣ ስትጨርሺ ትፊው እንጂ በውሃ አትጉመጥመጪ። ቡናም ከአቦል እስከ በረካ በስኳር ሲሆን አሲዱ በየስኒው እንደገና ይነሳል፣ ቢያንስ ቶናና በረካውን ያለ ስኳር ሞክሪው።

ስትታጠቢ ልጅሽን ይዘሽው ሂጂ፣ አጠገብሽ ተቀምጦ ይይ፣ ወንበሩ ላይም አንዴ ወጥቶ ይቀመጥ፣ መጀመሪያ የሚያውቀው እያለቀሰ ሲጎተት እንዳይሆን። የቆጠርሽውንም ጻፊልኝ፣ አምስት ነው ስድስት?