ገበያው ሲዋዥቅ ቤት ማሻሻጥ፦ የደላሎች ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት በአዲስ አበባ ቤት ከሚያሻሽጡና ከሚያከራዩ አንባቢያን የመጡ ናቸው። ተደጋጋሚዎቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ባለቤቱ «8 ሚሊዮን ብር ሽጥልኝ» ብሎ የሰጠኝን ጂ ፕላስ ዋን፣ ገዢ ይዤለት ስሄድ 9 ሚሊዮን ይለኛል። በሳምንቱ ደግሞ ሌላ ዋጋ ይጠራል። ገዢዎቼ እየተናደዱ ሌላ ደላላ ይዘው ይሄዳሉ። ምን ይሻላል? (ከአያት)

መልስ፦ ባለቤቱ ዋጋውን የሚጠራው በብር ነው፤ በልቡ የሚያሰላው ግን በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ያንን ያየ ሻጭ የሚፈራው በርካሽ መሸጥን ብቻ አይደለም። በተቀበለው ብር ተመልሶ ተመሳሳይ ቤት መግዛት እንዳይሳነው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ «ስንት ይሸጣል?» ብለው አይጠይቁት። «ገንዘቡን ለምን ሊያውሉት ነው?» ይበሉት። ሌላ ቤት አይቶ የጨረሰ፣ የባንክ ዕዳ የያዘው፣ ውርስ የሚከፋፈል ወይም ከአገር የሚወጣ ሰው ሻጭ ነው። ምክንያቱን መናገር ያቃተው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የቤቱን ዋጋ በእርስዎ እግር እያስጠና ነው። ስልኩን ይያዙ፣ ገዢ ግን አይውሰዱለት።

ሻጭ መሆኑን ካረጋገጡ አንድ ገጽ ወረቀት ያስፈርሙት። የመጨረሻው ቁርጥ ዋጋ፣ ዋጋው የሚጸናበት ጊዜ፣ ኮሚሽኑና የሚከፈልበት ቀን፣ ከስም ዝውውር ወጪዎች የትኛውን ማን እንደሚከፍል ይጻፍበት። ለጊዜው ከ21 እስከ 30 ቀን ይበቃል። ሦስት ወር ብለው ቢያስፈርሙት በዚህ ገበያ ማንም አያከብረውም። ወረቀቱ ሻጩን እንዲሸጥ የሚያስገድድ ውል አይደለም፤ ሆኖም ዋጋውን በፊርማው ያስቀመጠ ሰው ገዢ ፊት በቀላሉ አይቀይረውም። ጊዜው ሲያልቅ እርስዎ ራስዎ ደውለው ዋጋውን ያድሱ።

ቀጣዩ አደጋ ከቀብድ እስከ ውልና ማስረጃ ያለው ክፍተት ነው። ብዙ ደላሎች «ሻጭ ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል፣ ገዢ ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል» እያሉ ሁለቱንም ያስፈራራሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 በርግጥ እንዲህ ይላል። ነገር ግን በቁጥር 1723 መሠረት የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት መደረግ አለበት፤ ቅድመ ውሉም የዋናውን ውል ፎርም መከተል እንዳለበት ቁጥር 1721 ይደነግጋል። ፎርሙን ያልጠበቀ ሰነድ ደግሞ በቁጥር 1720 ረቂቅ ብቻ ነው። እንግዲህ ካፌ ውስጥ የተጻፈ የመንደር ውል ይዞ ፍርድ ቤት የሄደ ገዢ እጥፉን ቀርቶ የሰጠውን ለማስመለስም ሊከራከር ይችላል። መፍትሔው ቀብዱን ማሳነስና ጊዜውን ማሳጠር ነው። ለ8 ሚሊዮን ብር ቤት 400 ሺህ፣ ማለትም 5 በመቶ፣ ከበቂ በላይ ነው። በባንክ ይተላለፍ፤ በማስተላለፊያው ላይ «ለቤት ግዢ ቀብድ» ተብሎ ይጻፍ። ፋይሉ አስቀድሞ ካለቀ ከቀብዱ በኋላ በቀናት ውስጥ ውልና ማስረጃ መግባት ይቻላል። ፋይሉ ካላለቀ ቀብድ አያቀባብሉ።

ጥያቄ፦ ፋይሉ አለቀ የሚባለው ምን ምን ሲሟላ ነው? (ከጀሞ)

መልስ፦ ካርታውን በስልክ ፎቶ ማየት ማጣራት አይደለም። ባለቤቱን ይዘው ክፍለ ከተማ ይሂዱ፤ ካርታው በማህደሩ ውስጥ ካለው ጋር መመሳሰሉን፣ ይዞታው ከዕዳና ዕገዳ ነጻ መሆኑን ያስጠይቁ። የባንክ መያዣ ወይም የፍርድ ቤት ዕግድ የሚታየው ከማህደሩ ነው። ከዚያ ሜትር ይዘው ግቢው ይግቡ። ካርታው 150 ካሬ ብሎ አጥሩ 175 ካሬ ካቀፈ ትርፉ 25 ካሬ የሻጩ አይደለም፤ ዋጋውም በ150 ይሰላል። ሰርቪስ ቤቱ በፈቃድ መሠራቱንም ይጠይቁ።

ነባር ይዞታና ሊዝ (መሬቱን ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ መያዝ) ለይተው ለገዢው ይንገሩ። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት ወደ ሊዝ ይገባል። ይህን ሳይሰማ የገዛ ሰው ክፍለ ከተማ ሲደርስ «ያልተነገረኝ ክፍያ» ብሎ ሊያባርርዎት ይችላል። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ ቤቱ ከተላለፈ 5 ዓመት መሙላቱንና የባንክ ዕዳው መዘጋቱን ይዩ። 5 ዓመቱ ያልሞላውን በውክልና «መሸጥ» የተለመደ ነው፤ ይሁን እንጂ ውክልና ስም አያዛውርም። ወካዩ ሊሽረው ይችላል፣ ከሞተም ይቋረጣል። እንዲህ ያለውን ሥራ አይንኩ።

በብዛት ሽያጭ የሚያፈርሰው ግን የትዳር ጓዳ ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 68 የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት አይሸጥም። ያልተስማማው ተጋቢ ድርጊቱን ባወቀ በ6 ወር፣ በማናቸውም ሁኔታ ደግሞ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት ሄዶ ማፍረስ ይችላል። ካርታው በባል ስም ብቻ መሆኑ ምንም አይለውጥም። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ቀን የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ ይጠይቁ። የተፋታ ከሆነ የፍቺው ውሳኔ ብቻውን አይበቃም፤ ቤቱ ለማን እንደደረሰ የሚያሳየው የንብረት ክፍፍል ውሳኔም ያስፈልጋል። ሟች ጥሎት ያለፈ ቤት ከሆነ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ላይ የተጠቀሱት ሁሉ ይፈርማሉ። «ወንድማችን ውጭ ነው፣ ይስማማል» የሚል ቤተሰብ ገና አልተስማማም።

ጥያቄ፦ ሰፈሩ በኮሪደር ልማት ይነሳል እየተባለ ይወራል። ገዢ ሲጠይቀኝ ምን ልመልስ? (ከሳር ቤት)

መልስ፦ ከራስዎ «አይነካም» አይበሉ። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ የሆነውን ሁሉም አይቷል። የሚታመነው የክፍለ ከተማው የመሬትና የፕላን ጽሕፈት ቤቶች ለባለቤቱ የሚሰጡት መልስ ነው፤ ያም ቢሆን የዛሬ መልስ ነው። ጥያቄው በጽሑፍ መቅረቡን፣ የተሰጠውን መልስና ቀኑን በገዢው ማህደር ያያይዙ። ከመንገድ ዳር ያለ ቤት ከሆነ ገዢው የመንገዱን የታቀደ ስፋት ያስጠይቅ፤ ግቢው በከፊል የሚነካበት አጋጣሚ ሙሉ በሙሉ ከሚነሳበት ይበልጣልና። ካሳ ለንብረቱ እንጂ ለመሬቱ የገበያ ዋጋ እንደማይከፈልም ይንገሩት። ይህን ሰምቶ ከሸሸ ይሽሽ።

ጥያቄ፦ አከራዮቼ የ6 ወር ቅድሚያ ክፍያ ይፈልጋሉ፣ ተከራይ በየዓመቱ መቀየርም ይፈልጋሉ። አዲሱ ሕግ ከወጣ ወዲህ የኪራይ ሥራዬ ቀዝቅዟል። (ከገርጂ)

መልስ፦ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ሦስት ነገሮችን ቀይሮብዎታል። ውሉ ከ2 ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ ከሚያወጣው መጠን አያልፍም። የ6 ወር የሚጠይቅ አከራይ ሲያጋጥምዎ አይከራከሩ፤ የአዋጁን ቅጂ ያሳዩት። ያልተመዘገበ ውል ቅጣት እንደሚያመጣበትም ይንገሩት።

አንድ ቤት በዓመት ሁለት ጊዜ እያከራዩ ኮሚሽን የሚበሉበት ዘመን አልፏል፤ እውነቱ ይኸው ነው። ገቢው የሚገኘው አከራዩ ከማይወደው ሥራ ነው፦ ውል ማዘጋጀት፣ ወረዳ ሄዶ ማስመዝገብ፣ ቁልፍ ሲረከቡ የቆጣሪ ንባብና የዕቃ ዝርዝር በፎቶ መያዝ፣ ውሉ ሲያልቅ ማደስ። ለዚህ የተለየ ዋጋ ይቁረጡለት። በተለይ ውጭ አገር የሚኖር አከራይ ደስ ብሎት ይከፍላል።

ቤት ሲያሻሽጡም ይህንኑ ሕግ ያስታውሱ። ተከራይ ያለበት ቤት ቢሸጥ ተከራዩ በማግስቱ አይወጣም፤ የ6 ወር ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። «ወዲያው እገባበታለሁ» ለሚል ገዢ ተከራይ ያለበትን ቤት አያሳዩት።

ጥያቄ፦ ሻጭና ገዢ ግብር ለመቀነስ በውሉ ላይ ዝቅ ያለ ዋጋ እንዲጻፍ ይስማማሉ። እኔን ምን ያገባኛል? (ከሲኤምሲ)

መልስ፦ በጣም ያገባዎታል። 8 ሚሊዮን የተከፈለበት ቤት በውሉ ላይ 3 ሚሊዮን ተብሎ ተጻፈ እንበል። ሽያጩ በባለቤቱ ሚስት ወይም በወራሽ ክስ ከፈረሰ ሻጩ የሚመልሰው በውሉ የተጻፈውን ነው፤ ቀሪውን 5 ሚሊዮን ገዢው በምን ያስረዳል? ያኔ ምስክር ተብለው የሚጠሩት እርስዎ ነዎት። ግብር በማሳነስ ተባባሪ መሆንዎም በራስዎ አንደበት ይመዘገባል። ገዢውም ነገ ሲሸጥ ትርፉ ከ3 ሚሊዮን ተነስቶ ስለሚሰላ የዛሬው ቅናሽ ዞሮ እሱኑ ያስከፍለዋል። ክፍያው በሲፒኦ ወይም በባንክ ዝውውር፣ ውሉ ሲፈረም ይሁን።

ጥያቄ፦ ሻጭና ገዢን አገናኝቼ ከኋላዬ ይዋዋላሉ። አንዳንዴም አምስት ደላላ መጥቶ «እኔ ነኝ ያገናኘሁት» ይላል። (ከመገናኛ)

መልስ፦ ቤት ከማሳየትዎ በፊት የማሳያ ቅጽ ያስፈርሙ፦ የገዢው ስምና ስልክ፣ የቤቱ አድራሻ፣ ቀንና ሰዓት፣ የኮሚሽኑ መቶኛ። በተጨማሪ ገዢው ወይም የቅርብ ቤተሰቡ በ6 ወር ውስጥ ይህን ቤት ከገዛ ኮሚሽኑ እንደሚከፈል ይጻፍበት። «የቅርብ ቤተሰቡ» የሚለውን አይዝለሉት፤ ብዙ ጊዜ ውሉ የሚፈረመው በእህት ወይም በአማች ስም ነው። ለመፈረም የሚያቅማማ ሰው ቤቱን ሳያይ ጠባዩን አሳይቶዎታል።

ኮሚሽን በልማድ ከሻጭም ከገዢም 2 በመቶ ይጠየቃል። በ8 ሚሊዮን ብር ሽያጭ ከአንድ ወገን 160 ሺህ ማለት ነው። ይህ ግን ልማድ እንጂ ተመን ስላልሆነ ያልተጻፈ እንደሆነ ወደ ድርድር ይወርዳል። የሚከፈልበት ጊዜም «ሽያጩ ሲያልቅ» ተብሎ አይጻፍ፤ ለአንዱ ማለቅ ውልና ማስረጃ መፈረም ነው፣ ለሌላው ካርታ በስሙ መውጣት። «ውሉ በውልና ማስረጃ በተፈረመበት ቀን» ይበሉ። ከሌሎች ደላሎች ጋር የሚካፈሉትን ገዢው ቤቱን ከማየቱ በፊት በስልክ መልእክት ተጻጽፈው ይያዙት። ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ከሌለዎት ደግሞ እነዚህን ሁሉ ይዘው ኮሚሽን ለመጠየቅ መድረኩ ራሱ ይጠብብዎታል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አዲስ አበባ ያለው ደላላዬ «ውክልና ላክልኝ፣ እኔ እገዛልሃለሁ» ይለኛል። ልላክለት? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ለደላላው አይላኩ። ደላላ የሚከፈለው ሽያጩ ሲፈጸም ነው፤ ወኪል ደግሞ ሽያጩ እንዳይፈጸም ማድረግም ሊኖርበት ይችላል። ውክልናውን ለዘመድ ወይም ለጠበቃ ይስጡ። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ፊት ይፈረማል፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ ይገባል። የአሜሪካ ዜግነት ካለዎት በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርዱን ማለታችን ነው፣ ቤት የመያዝ መብት ይሰጥዎታል፤ ጊዜው ካለፈበት አስቀድመው ያሳድሱት። ዶላሩን በባንክ ያስገቡ፣ የገባበትን ማስረጃም ይያዙ።

ለደላሎችም አንድ ቃል፦ በውክልና ለሚሸጥ ቤት ሰነዱ ቤቱን «ለመሸጥ» በግልጽ ሥልጣን መስጠቱን ያንብቡ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ አይበቃም። ውክልናው አለመሻሩንም ውል በሚፈረምበት ሳምንት እዚያው ውልና ማስረጃ ያስጠይቁ፤ ወካዩንም በቪዲዮ ጠርተው ያነጋግሩት።

ጥያቄ፦ ገና መሠረቱ ያልተቆፈረ አፓርታማ ለሚሸጥ ኩባንያ ገዢ ባመጣ ጥሩ ኮሚሽን ይከፍለኛል። ልሥራ? (ከቦሌ ቡልቡላ)

መልስ፦ የቦታውን ካርታ በኩባንያው ስም፣ የግንባታ ፈቃዱንና በፈቃዱ ላይ ያለውን የወለል ብዛት ካላሳየዎት አይሥሩ። 10 ወለል የተፈቀደለት ሕንፃ 14ኛ ፎቅ ሲሸጥ ካገኙት ወሬው እዚያው ያበቃል። ሦስቱን ካሳየዎት ውሉን ያንብቡ፦ ክፍያው በቀን ነው ወይስ በግንባታ ደረጃ የሚከፈለው? ዋጋው ከዶላር ወይም ከብረትና ሲሚንቶ ዋጋ ጋር ይንቀሳቀሳል ይላል? ርክክብ ሲዘገይ ኩባንያው በወር ስንት ይከፍላል? በቀን የሚከፈል፣ ዋጋው የሚንቀሳቀስ፣ ለመዘግየቱ ቅጣት የሌለው ውል ከሆነ ገዢውን ወደ ተሠራ ቤት ይውሰዱት። ኮሚሽንዎም ገዢው በሚከፍለው ቅድሚያ ልክ እየተከፋፈለ እንጂ በኩባንያው ቃል ብቻ እንዳይንጠለጠል አስቀድመው ያስጽፉ።