«አኩፋዳ»ን እንዴት አሳተምሁት? ስለ ሚና ጨዋታ ጥያቄና መልስ

በደብረ ማርቆስ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነኝ። ማታ ማታና በክረምት የሠራሁት «አኩፋዳ» የተባለ የሚና ጨዋታ ባለ 48 ገጽ መጽሐፍ ሆኖ ታትሟል። ተጫዋቾቹ ቅኔ ፍለጋ በጎጃም የሚዞሩ የቆሎ ተማሪዎች ይሆናሉ። አንዱ ደግሞ የኔታ ይባልና መንገዱን፣ መንደሩን፣ ውሻውንና ዝናቡን ይተርካል። እንዴት እንዳሳተምሁት የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ዛሬ አንድ ላይ እመልሳለሁ። የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ።

ከባሕር ዳር፦ መምህር፣ እኔ የማውቀው ገበጣና ካርታ ነው። የሚና ጨዋታ ምንድን ነው? ሰሌዳ አለው?

ሰሌዳ የለውም። ከሦስት እስከ አምስት ሰው ክብ ሠርቶ ይቀመጣል። አንዱ «መሽቷል፣ ወንዙ ሞልቷል፣ ከማዶ የአንዲት ጎጆ ጭስ ይታያል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው በያዙት ሰው ሆነው ይመልሳሉ። ነገሩ ሊሆንም ላይሆንም የሚችል ሲሆን ዳይስ (በየገጹ ቁጥር ያለበት ትንሽ መጣያ) ይጣላል፣ ተረቱ ይቀጥላል። ዛሬ በሚታወቅበት መልክ የጀመረው በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሠሩት «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1,000 ቅጅ ብቻ ነበር፤ ሣጥኑም በጋይጋክስ ቤት በእጅ ነው የተሞላው። ማሳተም የትልልቅ ድርጅቶች ሥራ ብቻ ለሚመስላቸው ሁሉ ይህን ታሪክ እነግራለሁ።

ከዳንግላ፦ ሕጉን ከየት አመጣኸው? የሌላ ጨዋታ ሕግ ወስዶ መጠቀም ስርቆት አይሆንም?

መሠረቱ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ሁለት ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ጥሎ ድምሩን በሦስት ደረጃ (አለመሳካት፣ ዋጋ የሚያስከፍል ድል፣ ሙሉ ድል) የመመደብ ዘዴ ቪንሰንትና ሜጌ ቤከር እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት «አፖካሊፕስ ወርልድ» የታወቀ ነው፤ በመጽሐፌ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አመስግኛቸዋለሁ። ሒሳቡን እወደዋለሁ። ሁለቱ ዳይሶች 36 ዓይነት አወዳደቅ አላቸው። ድምሩ ከ6 የማይበልጠው በ15ቱ ነው፤ ከ7 እስከ 9 የሚሆነውም በ15ቱ ነው። 10 እና ከዚያ በላይ የሚደርሰው ግን በ6ቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ሙሉ ድል ብርቅ ይሆናል፣ ብዙውን ጊዜ ተማሪው የፈለገውን የሚያገኘው ዋጋ ከፍሎ ነው። የቆሎ ተማሪ ሕይወትም እንዲሁ ስለሆነ ይህን መረጥሁ።

ስለ ሕግ የጠየቅኸውን በተመለከተ፣ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው የተገለጸውን ሥራ ነው፤ ሐሳብን፣ ሥርዓትንና ዘዴን አይጠብቅም። ዳይስ ጥለህ ድምሩን ማየት የማንም ንብረት አይደለም። አንድ ሰው ያን ሕግ ያብራራበትን አንቀጽ፣ ሥዕሉንና የፈጠራቸውን ገጸ ባሕርያት ግን መገልበጥ አትችልም። የ«ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» አሳታሚም እ.ኤ.አ. በ2023 መሠረታዊ የጨዋታ ሕግ ሰነዱን ምንጩን ለጠቀሰ ሁሉ በነጻ ፈቅዷል። ስለዚህ ቃሉን ራስህ ጻፍ፣ ያስተማረህንም ሰው ስም ጥራ።

ከፍኖተ ሰላም፦ እኅቴ ተጫውታው «ሀገር ስጠኝ» የሚባል ነገር አለበት አለችኝ። እንደ እንቆቅልሹ ነው?

አዎ፣ ራሱ ነው! ከመጽሐፉ ሁሉ የምወደው ክፍል ስለሆነ በመጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። በልጅነታችን እንቆቅልሽ መፍታት ያቃተው «ሀገር ስጠኝ» ይባላል። ሀገር ይሰጣል፣ ተቀባዩም በዚያ ሀገር ላይ እየነገሠ ያሞግሳል ወይም ይሳደባል። በእኔ ጨዋታ ዳይሱ 6 እና ከዚያ በታች ሲወድቅ ተጫዋቹ ለየኔታ ሀገር ይሰጣል። ሀገሩ ካርታ ላይ የሌለ፣ እዚያው በአፉ የሚፈጥረው መንደር ነው፤ ስሙን፣ የሚበቅልበትን እህልና ሰዎቹ የሚፈሩትን አንድ ነገር ይናገራል። የኔታም ጉዞውን ወደዚያ ያዞረዋል። ስለዚህ በተሳሳትህ ቁጥር አገሩ ይሰፋል፣ የተሸነፈም አይኮርፍም። በአንድ ማታ ጨዋታ ዘጠኝ መንደር ሲፈጠር አይቻለሁ። አንዷ ሰዎቿ ጥላቸውን የሚፈሩ፣ ሁልጊዜ በቀትር ቤት የሚዘጉባት ቆላ ነበረች። የፈጠራት ከዚያ በፊት ተረት ተናግሬ አላውቅም ያለ የባንክ ሠራተኛ ነው።

ከደብረ ወርቅ፦ ቅኔ የቤተ ክርስቲያን ሀብት ነው። በዳይስ መጫወቻ ማድረግህ አላሳፈረህም?

ይህን ጥያቄ እፈራው ነበር፣ መጠየቁም ተገቢ ነው። ረቂቁን ይዤ አንድ የቅኔ መምህር ዘንድ ሄድሁ። ሦስት ቀን አስቀመጡኝ፣ እያነበብሁላቸው ሰሙ። ጉዞውን ወደዱት፤ ብርዱን፣ ረኃቡን፣ የጓደኞችን ፍቅር አወቁት። ሁለት ነገር ግን አወጡብኝ። አንደኛ፣ በረቂቁ ተማሪው «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ሲለምን ቁራሽ ማግኘቱ በዳይስ ይወሰን ነበር። «ቁራሹ የሚሰጠው ስለ ማርያም ስም ነው፤ ዕጣ አታስጥልበት» አሉኝ። አሁን የለመነ ሁሉ ያገኛል። ጥያቄው ቤቱ ውስጥ ምን ያህል አለ፣ የሰጠችው እናትስ ራሷ ምን ትበላለች የሚለው ሆነ። ጨዋታው በዚህ ምክንያት ምን ያህል እንደጠለቀ ልነግርህ አልችልም። ሁለተኛ፣ የግዕዝ ቅኔ በዳይስ አይዘረፍም። ተጫዋቾች በመምህራቸው ፊት ሲቆሙ በአማርኛ ሰምና ወርቅ ያለው ሁለት መስመር ይገጥማሉ፤ ወርቁን ከተጫዋቾቹ አንዱ ካገኘው ዳይስ ሳይጣል ያልፋል። ጸሎትና ምሥጢራት በመጽሐፉ ውስጥ በሕግነት የሉም። ከሰው ሕይወት የተወሰደ ጨዋታ የምትሠሩ ሁሉ፣ ከማተሚያ ቤቱ በፊት ያን ሕይወት የኖረውን ሰው ጠይቁ።

ከቡሬ፦ ሥራና ልጆች እያሉህ ጊዜ ከየት አገኘህ?

ከማታ 3 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት፣ በሳምንት አራት ቀን። ዋናውን ረቂቅ በሁለት ክረምት ጨረስሁ። ኢንተርኔት ባልነበረባቸው ወራትም ሥራው አልቆመም፤ ደብተርና እርሳስ ይበቃው ነበር።

ከአዲስ አበባ፣ የሞጣ ልጅ፦ ጨዋታው እንደሚሠራ በምን አወቅህ? ስንት ጊዜ ሞከርኸው?

የመጀመሪያው ረቂቅ 120 ገጽ ነበር። ለጓደኞቼ እያብራራሁ አጫወትኋቸው፣ አመሰገኑኝ፣ እኔም ያለቀ መሰለኝ። ከዚያ ረቂቁን ለማያውቁኝ አራት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰጥቼ ጥግ ላይ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ ገጽ ሲያገላብጡ አየሁ። መልስ መስጠት እየፈለግሁ አፌን ይዤ ቆየሁ። የዚያን ቀን ማታ ሰባ ሁለት ገጽ ሰረዝሁ። የዝናብ ሠንጠረዥ፣ የእህል ሚዛን፣ አራት ዓይነት ደበሎ ሁሉ ወጣ። ጨዋታ የምትጽፉ ከሆነ ከዚህ ሁሉ መልስ ይህን አንዱን ያዙልኝ፦ መጽሐፉ እናንተ በሌላችሁበት ቤት ማጫወት አለበት፤ ይህንም የምታውቁት ዝም ብላችሁ ስታዩ ብቻ ነው። እኔ እንዲህ ያለ ዝምታ አሥራ አንድ ጊዜ ተቀምጫለሁ። ሰው የቆመበትን ገጽ ቁጥር ትመዘግባላችሁ፣ ሦስት ቡድን አንድ ገጽ ላይ ከቆመ ጥፋቱ የገጹ ነው።

ከደጀን፦ ስለ ማተሚያ ቤቱ ንገረን። ምን መጠንቀቅ አለብን?

ገጹ ለ4 የሚካፈል ይሁን፤ በሽቦ የሚሰፋ መጽሐፍ አንድ ወረቀት ሲታጠፍ አራት ገጽ ስለሚሆን ነው። በብዛት የሚታተም ከሆነ ለ16 ቢካፈል ወረቀት አይባክንም። የእኔ 48 ለሁለቱም ይስማማል። መጠኑ ኤ5 ነው፣ ኪስ ውስጥ ባይገባም አኩፋዳ ውስጥ ይገባል።

ትልቁ ችግር ፊደል ነው። እኔ በዩኒኮድ የጻፍሁትን የማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር በሌላ የፊደል ቅርጽ (ፎንት) ከፈተውና «ሷ» እና «ኳ» በየገጹ ባዶ ሣጥን ሆኑ። ያወቅሁት ሃያ ቅጅ ከታተመ በኋላ ነው፣ ገንዘቡም ከኪሴ ወጣ። ስለዚህ ፎንቱ ውስጡ የተቀበረበት ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ስጡ፤ «አቢሲኒካ» እና «ኖቶ ኢትዮፒክ» በነጻ የሚገኙ፣ ለኅትመትም የተፈቀዱ ፎንቶች ናቸው። የመጀመሪያውን የሙከራ ቅጅ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንብቡ እንጂ አታገላብጡት። ከሠዓሊያችሁም ጋር፣ ወንድማችሁ ቢሆን እንኳ፣ ምን ያህል እንደምትከፍሉና ሥዕሉን የት የት እንደምትጠቀሙበት በጽሑፍ ተስማሙ።

ከእንጅባራ፦ ገንዘብ ያስገኛል? ውጭ አገርስ ይሸጣል?

150 ቅጅ አሳተምሁ፣ 110 ያህሉ ተሸጦ የኅትመቱንና የሠዓሊውን ዋጋ መለሰ። የእኔን ማታዎች አልከፈለም። ክፍያ በቴሌብር ተቀብዬ መጽሐፉን በአውቶቡስ እልካለሁ። ሰዎች ለአዲስ ሥራ አስቀድመው የሚከፍሉበት ኪክስታርተር የተባለው ድረ ገጽ ከኢትዮጵያ ዘመቻ ለመክፈት አይፈቅድም፤ እዚያ ቅድመ ክፍያ ማሰባሰብ የሚፈልግ በተፈቀደለት አገር የሚኖር የሥራ አጋር ያስፈልገዋል።

ከቢቸና፣ አንድ አባት፦ ልጄ፣ የልጅ ልጄ መጽሐፍህን አነበበልኝ። እኔም በልጅነቴ አኩፋዳ አንግቤ ዞሬአለሁ። ውሻ ሲመጣ ተማሪው ለማምለጥ ዳይስ ይጣል ብለሃል። እኛ አንሮጥም ነበር፤ የሮጠ ይነከሳል። ዱላችንን መሬት አስይዘን ቁጭ እንል ነበር። ውሻው ጮኾ ጮኾ ይደክመዋል፣ ባለቤቱም ይደርሳል።

አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ገጽ 22 ላይ ያለው ሕግ የተሳሳተ ነው፤ በሁለተኛው ኅትመት ይቀየራል። ዳይስ የሚጥለው የሮጠ ብቻ ይሆናል፣ የተቀመጠ ግን ሌሎቹ ተጫዋቾች እስኪመጡለት ድረስ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ከመጻፌ በፊት ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ፦ ከተማሪዎቹ አንዱ ተቀምጦ ሌላው ቢሮጥ ውሻው ማንን ይከተላል?