ጥያቄና መልስ፦ «ተረኛ ነርስና የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ለጸሎት ጊዜ አጣሁ»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ሆስፒታል በነርስነት እሠራለሁ። የአምስት ዓመት ወንድ ልጅና የስምንት ወር ሕፃን ሴት ልጅ አሉኝ። ሥራዬ በፈረቃ ስለሆነ አንዳንዱን ሳምንት ቀን፣ አንዳንዱን ሌሊት እገባለሁ፤ እሑድም ተረኛ የምሆንበት ጊዜ አለ። ከመውለዴ በፊት ቅዳሴ አላስታጉልም ነበር፤ ውዳሴ ማርያም ሳልደግምም ከቤት አልወጣም ነበር። አሁን ግን ከሥራ ስመለስ ሕፃኗን እያጠባሁ እንቅልፍ ይወስደኛል። ጾሙንም እንደ ድሮው መያዝ አቃተኝ። አማቴ ደግሞ «ልጆችሽን ለሠራተኛ ጥለሽ ገንዘብ ታሳድጃለሽ» ይሉኛል። እግዚአብሔርን እያሳዘንኩት ይሆን? ሥራዬን፣ ቤቴንና ጸሎቴን አስማምቼ ለመኖርስ በየቀኑ ምን ላድርግ?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እኅቴ፣ በአማትሽ ቃል ልጀምር፤ ከሁሉ ይልቅ ያመመሽ እሱ ይመስለኛል። ለቤተሰብ እንጀራ ብሎ በታማኝነት መሥራት ኃጢአት አይደለም፣ ለእናትም ቢሆን። በምሳሌ 31 የተመሰገነችው ልባም ሴት እርሻ አይታ ትገዛለች፤ የበፍታ ልብስ ሠርታ ትሸጣለች። በሐዋርያት ሥራ 16 ልቧን ጌታ የከፈተላት ልድያ የቀይ ሐር ነጋዴ ነበረች። የሙሴ እናት ዮካብድማ ከፈርዖን ልጅ ደመወዝ ተቆርጦላት የገዛ ልጇን አጥብታለች (ዘጸ. 2፥9)፤ እንዲህ ያለ ሥራ ዛሬ ቢገኝ የማይመዘገብ እናት አይኖርም! የአንቺ ሥራ ደግሞ ሕሙማንን ማስታመም ነው። ጌታ በፍርድ ቀን «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» እላለሁ ብሎ የነገረን አንቺ በየፈረቃሽ ስለምታገኚያቸው ሰዎች ነው። ስለዚህ እሑድ ተረኛ ስትሆኚ ሰንበት ሻርኩ ብለሽ አትጨነቂ። «በሰንበት መልካም መሥራት ተፈቅዶአል» ያለው የሰንበት ጌታ ራሱ ነው (ማቴ. 12፥12)።

ይሁንና ያንን የምሳሌ 31 ምዕራፍ ብዙ ጊዜ በእናቶች ላይ እንደ ዕዳ ደብዳቤ ስናነበው እሰማለሁ፤ በሠርግ ላይ በተለይ። ሌሊት ትነሣለች፣ መብራቷ አይጠፋም፣ የሀኬትን እንጀራ አትበላም እንላለን፤ ቁጥር 15ን ግን ዘለን እናልፋለን። እዚያ ላይ ለቤቷ ሰዎች ምግባቸውን፣ ለገረዶቿም ተግባራቸውን ትሰጣለች ይላል። ሥራን ታከፋፍላለች እንጂ ሁሉን በሁለት እጇ አትሠራም ማለት ነው። ባሏም በአደባባይ የታወቀ ብቻ አይደለም፤ በቤቱም ተነሥቶ ያመሰግናታል። በጥያቄሽ ውስጥ የጎደለብኝ ይህ ነው። አማትሽ፣ ልጆችሽ፣ ሠራተኛዋ፣ ሆስፒታሉም ሳይቀር ተጠቅሰዋል፤ ስለ ባለቤትሽ ግን አንድም ቃል አልጻፍሽም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (ቁጥር 1156/2011) ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት ሲሰጥ ለአባት የሰጠው 3 ተከታታይ ቀን ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን የአባትን ድርሻ በሦስት ቀን አልገደበችም። በተክሊል ወይም በቁርባን የተጋባችሁ ከሆነ አንድ ሥጋ ሆናችኋል፤ የአንድ ሥጋ ግማሹ ተኝቶ ግማሹ ሌሊቱን ሙሉ ሊቆም አይገባም። ሌሊት ገብተሽ ባደርሽበት ቀን ትልቁን ልጅ አልብሶ ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ማታም ከልጁ ጋር ቆሞ «አባታችን ሆይ» ማለት የእሱ ይሁን። ይህን ስትነግሪው እንደ ክስ አይሁን። ሁለታችሁም ያልደከማችሁበትን ሰዓት መርጠሽ፣ የሳምንቱን ፈረቃ ወረቀት መሐላችሁ አስቀምጣችሁ ተከፋፈሉት። «ባለቤቴ አይሰማኝም» የምትል እኅት ብትኖር ጉዳዩን ወደ ንስሐ አባቷ ትውሰደው፤ የንስሐ አባት የተሰጠን ለኃጢአት ዝርዝር ብቻ አይደለም።

ስለ ሠራተኛዋ ደግሞ አንድ የሚከብድ ነገር ልናገር። በከተማችን ብዙ እናቶች ሥራ መውጣት የቻሉት ሌላዋ ልጅ፣ ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣች ታዳጊ፣ ቤታቸው ስለቀረች ነው። እኛ ቅዳሴ ስንሄድ ቤት የምትጠብቀው፣ በጾም እኛ ስናስቀድስ ሽሮውን የምታንተከትከው እሷ ናት። ኦሪት ዘዳግም 5፥14 የሰንበትን ትእዛዝ ሲሰጥ ሎሌህና ገረድህ እንደ አንተ ያርፉ ዘንድ ነው ይላል። የአንቺ ሰላም በእሷ ድካም ብቻ ከቆመ ሚዛኑ ገና አልተስተካከለም። ደመወዟን በቀኑ ስጪ፤ በሳምንት የዕረፍት ቀኗን አትንሻት፤ እሑድ ቤት የምትውዪ ከሆነ እሷ ታስቀድስ። ልጅሽን «ጥለሽ» ሳይሆን አምነሽ የምትሰጫት ሰው ናትና ማታ ሁላችሁም ስትጸልዩ እሷም አብራችሁ ትቁም። ለአማትሽም ከዚህ የተሻለ መልስ የለሽም፤ እሳቸውም ጉልበት ካላቸው በሳምንት አንድ ከሰዓት መጥተው ልጆቹን ተረት እንዲያጫውቱልሽ በአክብሮት ለምኛቸው። ብዙ አያቶች የሚቆጡት ሥራ ስለተነፈጉ ነው።

አሁን ወደ ጸሎትሽ። ነቢዩ ዳዊት «ሰባት ጊዜ በቀን አመሰግንሃለሁ» እንዳለ ቤተ ክርስቲያናችን ነግህ (ጠዋት)፣ ሠለስት (ሦስት ሰዓት)፣ ቀትር (ስድስት ሰዓት)፣ ተሰዓት (ዘጠኝ ሰዓት)፣ ሠርክ (ማታ)፣ ንዋም (የመኝታ ሰዓት)ና መንፈቀ ሌሊት (እኩለ ሌሊት) ብላ ሰዓት ሠርታለች። አንቺ ይህን ስታስቢ ሰባት ጊዜ መጽሐፍ ዘርግቶ መቆም ይታይሻል፤ ስለዚህም ሁሉንም ተውሽው። ከዚያ ይልቅ ሁለቱን ቋሚ አድርጊ፦ ስትነሺና ስትተኚ። ፈረቃሽ ሌሊት ከሆነ ነግህሽ የምትነሺበት ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ እግዚአብሔር የፈረቃሽን ሰሌዳ ያውቃል። አማትቢ፣ ስገጂ፣ አቡነ ዘበሰማያትና በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን በዝግታ በዪ፤ አምስት ደቂቃ አይሞላም። ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ስለሆነ የዕለቱን ብቻ በሰርቪስ ወይም በታክሲ ውስጥ መድገም ትችያለሽ፤ ሕፃኗን ስታጠቢም በቃልሽ የያዝሽውን ያህል በዪ፤ እንቅልፍ ቢወስድሽም አትደንግጪ።

በሥራ ቦታሽ ያለውን ሰዓት ደግሞ ተጠቀሚበት። ሦስት ሰዓት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ የወረደበት፣ ስድስት ሰዓት ጌታ የተሰቀለበት፣ ዘጠኝ ሰዓት ነፍሱን በሥልጣኑ የሰጠበት ነው። በሀገራችን አቆጣጠር እነዚህ ሰዓቶች ከመጽሐፉ ጋር ስለሚገጥሙ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ራሱ ያስታውስሻል። መድኃኒት ይዘሽ ወደ በሽተኛ ስትሄጂ «አቤቱ፣ በዚህ ሰው ላይ ምሕረትህን አሳይ» ብትዪ የሰዓቱን ጸሎት አደረስሽ፤ ለበሽተኛውም ጠቀመው።

ስለ ቅዳሴው የምነግርሽ የነቢዩ ሳሙኤልን እናት የሐናን ታሪክ ነው። ሐና በእግዚአብሔር ቤት እያለቀሰች ለምና ልጅ ያገኘች ሴት ናት። ነገር ግን ሕልቃና ቤተሰቡን ይዞ ለዓመቱ መሥዋዕት ወደ ሴሎ ሲወጣ «ሕፃኑ ጡት እስኪተው አልወጣም» አለች (1ሳሙ. 1፥22)። ሕልቃናም «ስእለትሽን ረሳሽ?» አላላትም፤ ደስ ያለሽን አድርጊ፣ ጡት እስኪተው ተቀመጪ አላት። ካህኑ ዔሊም ሲወቅሳት አናነብም። ለቤተ መቅደስ የተሳለች እናት ለማጥባት ብላ ከቤተ መቅደስ መቅረቷን መጽሐፍ እንደ ነውር ሳይሆን እንደ ወግ ጽፎታል። ጡት ካስተወችው በኋላ ግን ይዛው ወጣች። አንቺም እንዲሁ፦ ፈረቃ በሌለሽ እሑድ ሕፃኗን ታቅፈሽ፣ ትልቁን ልጅ አባቱ ይዞት ሂዱ፤ ሕፃናቱም ሥጋውንና ደሙን ይቀበሉ። ልጅ አለቀሰ ብለው ዞር ብለው የሚያፈጡ ምእመናን አሉ፤ እነሱን ለኔ ተዪልኝ። በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ ደግሞ በብዙ አጥቢያዎች ከቅዳሜና ከእሑድ በቀር በየዕለቱ ከቀትር ጀምሮ ስለሚቀደስ ሌሊት ሠርተሽ ተኝተሽ በተነሣሽበት ቀን መድረስ ትችያለሽ።

ጾምን በተመለከተ፣ የምታጠባ እናት፣ ያውም የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ፣ እንደ መነኩሴ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ትጠብቅ ተብሎ አይፈረድባትም። ለነፍሰ ጡር፣ ለምታጠባና ለታመመ ሰው የንስሐ አባት እንደ አቅሙ ይወስንለታል። ሰዓቱን አቅልሎልሽ ከጥሉላቱ (ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል) ብቻ እንድትከለከዪ ሊያደርግ ይችላል፤ ከዚያም በላይ ሊፈታልሽ ይችላል። ያለ እሱ ምክር በራስሽ ፈትተሽ በጸጸት አትብዪ፤ በራስሽ አጥብቀሽም ወተትሽ አይድረቅ።

እዚህ ላይ ከጥያቄሽ ወጣ ብዬ ለእናቶች ሁሉ የምናገረው አለ። ጾም ሲገባ «ድስቱ ይነካካል» ተብሎ ለሕፃን እንቁላልና ወተት የሚከለከልበት ቤት አውቃለሁ። ቤተ ክርስቲያን ሰባት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ጹም አላለችም። ለሕፃኗ አንዲት ትንሽ ድስትና ማንኪያ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ነገሩ በዚህ ያልቃል። ነርስ ስለሆንሽ ጉዳቱን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ለጎረቤቶችሽም ንገሪ።

ስለ ወጥ ቤት እኔ ብዙ መናገር አይገባኝም። ባለቤቴ ቅዳሜ ቁሌቱን አብስላ በየዕቃው ከፋፍላ ማቀዝቀዣ ታስገባለች፤ ሳምንቱን የሚያቀልላት እሱ መሆኑን አያለሁ። ሊቀልልሽ የሚችል የሚመስለኝ ሌላው ሸክም ዝክር ነው። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም እያሉ ጠላ ጠምቆ፣ ድፎ ደፍቶ፣ ጎረቤት ጠርቶ መዘከር መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን ለአንዲት ነርስ በወር ሁለት ሦስት ድግስ ምን ጊዜ ይተርፋታል? የጌታ ቃል ኪዳን ለተራበ ማብላት ላይ ነው። ሁለት ዳቦ ገዝተሽ ወደ ሥራ ስትሄጂ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ላሉት ነዳያን በመልአኩ ስም ብትሰጪ ዘክረሻል። የጽዋ ማኅበርሽም ከአንድ አይብለጥ። ጌታ ማርታን «በብዙ ነገር ትጨነቂአለሽ» ሲላት (ሉቃ. 10፥41) ሥራዋን አልነቀፈም፤ ዮሐንስም በወንጌሉ «ኢየሱስ ማርታን ይወድ ነበር» ብሎ ስሟን አስቀድሞ ጽፏል (ዮሐ. 11፥5)።

በሚቀጥለው የዕረፍት ቀንሽ ከባለቤትሽ ጋር ሆናችሁ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ። የወሩን ፈረቃ ይዘሽ ሂጂና ሦስት ነገር ይወስኑልሽ፦ በቀን የምታደርሺውን ጸሎት፣ እስክታስተዪ ድረስ የምትይዢውን ጾም፣ በወር የምታስቀድሺባቸውን ቀናት። ከተወሰነልሽ በላይ አትጨምሪ። ሕፃኗ ጡት ስትተው ደግሞ ተመልሳችሁ ሂዱ፤ ልኩ ያን ጊዜ ይለወጣል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።