ቴስታታው ይቆይ፣ መጀመሪያ ውሃውን ተከተል

«ጋሼ፣ ከጎርጎራ ነው የምጽፍልዎ። ባለ 40 ፈረስ ጉልበት፣ ሁለት ስትሮክ የጀልባ ሞተር አለኝ። ሰው ጭኜ ስነሳ ደህና ነው። ነዳጅ ሰጥቼው ሩብ ሰዓት ያህል ከሄድኩ በኋላ ማስጠንቀቂያው ይጮህና ሞተሩ በራሱ ጊዜ ፍጥነት ይቀንሳል። ነዳጅ ስቀንስለት ይበርዳል። በጎን የሚተፋው ውሃም ቀጥኗል። ተርሞስታቱን፣ ያን እንደ ሙቀቱ የውሃውን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋ ዕቃ፣ አስወጥተን ጣልነው፤ ለውጥ የለም። አሁን ደግሞ ቴስታታው፣ የሲሊንደሩ ክዳን፣ ይከፈት እያሉኝ ነው። ምን ይመክሩኛል?»

አታስከፍት፣ ወንድሜ። ቢያንስ አሁን አታስከፍት። የመልሱን ግማሽ ራስህ ጽፈኸዋል። ነዳጅ ሲቀነስለት የሚበርድ፣ በጎን የሚተፋው ውሃ የቀጠነበት ሞተር «ውሃ አነሰኝ» እያለህ ነው። የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ከክዳኑ ሥር ያለውን ማሸጊያ፣ የበላ ሞተር እንዲህ ቶሎ አይታረቅም። በዝግታ ስትሄድም ይሞቃል፣ ነጭ እንፋሎት ይተፋል፣ እሳት የሚሰጡትን ካንዴላዎች ስትፈታ ደግሞ አንዱ ታጥቦ የጸዳ ሆኖ ታገኘዋለህ።

እኛ የጎንደር መካኒኮች እጃችንን ያፍታታነው በመኪና ነው፤ «ሞቀ» ሲባል ሐሳባችን ወደ ራዲያተርና ወደ ቴስታታ ይሮጣል። የመኪና ውሃ እየዞረ ይመለሳል። ያንተ ሞተር ግን የጣናን ውሃ ከእግሩ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ ከሚጠልቀው የታችኛው ክፍሉ፣ ይስባል፣ አንዴ ያዞረዋል፣ ይደፋዋል። ሐይቁ የያዘው ሁሉ ወደ ሞተርህ ይገባል ማለት ነው። በክረምት መገጭ ከደምቢያ ሜዳ ጠርጎ የሚያመጣውን ደለል አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ወዲህ ደግሞ እምቦጭ አለ።

ስለዚህ ከታች ጀምር። ሞተሩን አጥፋና እግሩን አንሳ። ከፕሮፔለሩ በላይ በሁለቱም ጎን ያለውን የውሃ መሳቢያ ወንፊት ተመልከት። ላዩ ንጹሕ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ የእምቦጭ ሥር እንደ ፀጉር ስለሆነ ገብቶ ከውስጥ ይጠመጠማል። ወንፊቱ የሚፈታ ከሆነ ፍታው። ፌስታልም ሌላው ጠላት ነው፦ ስትሄድ ይለጠፋል፣ ስትቆም ይወድቃል፣ ስታየው የለም። በጎን ውሃ የሚተፋውን ቀዳዳም በዓሣ ማጥመጃ ናይለን ጠርገው። ቀዳዳው ብቻ ተደፍኖ ሰው ደህና ሞተር ሲያስፈታ አይቻለሁ።

ቀጥሎ ሰዎቹን የት እንደምታስቀምጥ ንገረኝ። ሁሉም ወደ ፊት ከተደረደሩ የጀልባው ኋላ ይነሳል፤ ፍጥነት ስትጨምር መሳቢያው ከውሃ ጋር አየር ይስባል። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ክንፍ ጀልባው ሲሮጥ ከታችኛው ወለል ጋር እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ መሆን አለበት። ከዚያ በላይ ከፍ ብሎ ከታሰረ ዝቅ አድርገህ እሰረው። ይህ ገንዘብ አያስወጣህምና ቀድመህ ሞክረው።

ወንፊቱም አጫጫኑም ደህና ከሆኑ እኔ የምጠረጥረው የውሃ ፓምፑን ነው። እግሩ ውስጥ የተቀመጠ ባለ ክንፍ ጎማ አለ፤ ኢምፔለር ይባላል። ጭቃ ውሃ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። መጀመሪያ የካንዴላዎቹን ገመድ ንቀል፣ ከዚያ የማርሹን ዘንግ አላቅቀህ እግሩን አውርድ፤ የፓምፑን ቤት ስትከፍት ታየዋለህ። ክንፎቹ ወደ አንድ ጎን ታጥፈው ከቀሩ፣ ሥራቸው ላይ ከተሰነጠቁ ወይም ጎማው ከደረቀ ለውጠው። ብዙ ሰው ግን እዚህ ላይ ያቆማል። አዲሱ ኢምፔለር የሚፋተገው ከብረት ቤቱና ከሥሩ ካለው ሳህን ጋር ነው፤ ጥፍርህን ስታሳልፍበት የሚይዝህ ጭረት ካለ ውሃው በዚያ እያመለጠ ይመለሳል፣ አዲሱም ጎማ ብዙ አይቆይም። ሦስቱን አብረህ ግዛ።

ከክንፎቹ የጎደለ ካለ ቁራጩን ሳታገኝ አትግጠም። ወደ ላይ ሄዶ አንድ ቀጭን መንገድ ላይ ተሰክቶ ይሆናል፤ ፓምፑን ለውጠህም ሞተሩ መሞቁን ይቀጥላል። ስትገጥም ጎማውን በፈሳሽ ሳሙና አልስልሰው፤ ኢምፔለሩን የሚያዞረውን ዘንግ በሥራ አዟዟሩ፣ ማለትም ከላይ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ፣ እያዞርክ ቤቱን ተጫነው፤ ክንፎቹ በትክክለኛው ጎን ይታጠፋሉ። ኢምፔለሩን ከዘንጉ ጋር የምታያይዘው ትንሿ ቻቬታ እንዳትወድቅብህ፣ ወደ ላይ የሚወጣው የውሃ ቱቦም ማሸጊያ ጎማው ውስጥ በደንብ መግባቱን እይ። ቱቦው ሳይገባ የታሰረ እግር አዲስ ፓምፕ ይዞም ውሃ አያደርስም።

ሙከራው በበርሜል ይሁን፤ ውሃው ከጠፍጣፋው ክንፍ በላይ ይድረስ። የብስ ላይ «እስቲ ድምፁን ልስማ» ብለህ ያለ ውሃ እንዳታስነሳው። ያ ጎማ የሚለሰልሰው በውሃ ብቻ ነው፤ ደርቆ ከዞረ ወዲያው ይቃጠላል።

ተርሞስታቱን ግን መልስ። መጣሉ የመኪና ልማድ ነው፤ ለመኪናም አይበጅም። ያለ እሱ ሞተሩ በዝግታ ሲሄድ ከሚገባው በላይ ይቀዘቅዛል፣ ቤንዚኑ በወጉ አይቃጠልም፣ ካንዴላው ይጠቁራል። የድሮውን ካገኘኸው በድስት ውሃ ውስጥ በክር አንጠልጥለህ አሙቀው፤ ላዩ ላይ የተቀረጸው ዲግሪ አካባቢ ሲከፈት፣ ሲበርድም ሲዘጋ ካየህ ደህና ነው። ከጠፋ የሞተርህን ዓይነት ግዛ። የመኪናው ብዙ ጊዜ 80 ዲግሪና ከዚያ በላይ ላይ ስለሚከፈት «ልኩ ይሆናል» የሚልህን አትስማ፤ የጀልባ ሁለት ስትሮክ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ከባድ ጭነት ላይ አሁንም ከሞቀ ወደ ፕሮፔለሩ እንሄዳለን። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከመቶ 3 ያህል ጉልበት ያጣል፤ ያንተ 40 ፈረስ እዚያ 33 ገደማ ነው ማለት ነው። ለባሕር ተብሎ የተሠራ ፕሮፔለር ይከብደዋል፤ ነዳጅ ሙሉ ሰጥተኸው በመመሪያው የተጻፈው ዙር ላይ አይደርስም፣ እያቃሰተ ይሞቃል። ፒቹ፣ ማለትም ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚሄደው ርቀት፣ አንድ ኢንች ሲቀንስ ወደ 200 ዙር ይጨምርልሃል። ዙሩን በመቁጠሪያ ሳትለካ ግን አትግዛ፤ ፕሮፔለር ውድ ነው።

ዘይቱንም ልጠይቅህ። መመሪያህ ሌላ ካላለ ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር የጀልባ ሁለት ስትሮክ ዘይት ነው። የመኪና ዘይት አይሆንም፤ ለቁጠባ ተብሎ ማሳነስም ፒስተኑን ሲሊንደር ላይ ያስነክሳል።

እስኪሠራ ድረስ ሰው ባትጭን እመርጣለሁ። ሐይቁ ላይ ከጮኸብህ ነዳጁን ወዲያው ቀንስና ፎሌ አድርገው፣ ማለትም ከማርሽ አውጣው፣ በጎን የሚተፋውን ውሃ እይ። እየወጣ ከሆነ በዝግታ ይብረድ። ቆሞ ከሆነ ወይም እንፋሎት ከሆነ አጥፋ፣ መልሕቅ ጣል፣ እግሩን አንስተህ ወንፊቱን አጽዳ። ከጣና ቀድተህ የጋለው ቴስታታ ላይ አታፍስስ፤ ይሰነጠቃል። ጩኸት ሰልችቶህ የማስጠንቀቂያውን ሽቦ የሚበጥስልህ ሰው ካገኘህም መፍቻውን ተቀበለው።

ዕቃ ለመግዛት ስትመጣ አሮጌውን ኢምፔለርና ሞተሩ መያዣ ላይ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር ፎቶ ይዘህ ና። ባለ 40 ፈረስ ስለሆነ ብቻ አንድ ዓይነት ኢምፔለር አይገጥምም።