መልስ፦ የማርስተን ቤት የኢርቪንግ ጊል ሥራ ነው ወይ?

አዎ፣ ነው። እንደ ጊል ያለ ነጭ አርማታ የሚወድ አሜሪካዊ አርክቴክት እንዴት የጡብ ቤት ሠራ ብለህ መጠራጠርህ ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ዘመኑ ላይ ነው። ሳንዲዬጎ፣ ካሊፎርኒያ ያለው ይህ ቤት እ.ኤ.አ. በ1905 ሲሠራ ጊል ከአርክቴክቱ ዊልያም ሄባርድ ጋር ሽርክና ውስጥ ነበር። ሽርክናው ከ1896 እስከ 1907 ቆይቷል። አንተ የምታውቀው ጌጥ የለሹና ጣሪያው ጠፍጣፋው ጊል ጎልቶ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ ጊል የምትጽፈውን ጽሑፍ እንዲህ አስኪደው፦

1. ቺካጎ፣ አድለርና ሰሊቫን በተባለው የአርክቴክቶች ቢሮ መሥራቱ፤ በ1893 ወደ ሳንዲዬጎ መሄዱ።
2. የሽርክናው ዓመታት፣ ማርስተንን ጨምሮ።
3. ሳንዲዬጎ ውስጥ ያለው የላ ሆያ የሴቶች ክበብ ሕንፃ፣ 1914። እዚህ ላይ ሰፋ አድርገህ ጻፍ። ግድግዳው ቆሞ አልተሞላም፤ የበርና የመስኮት ክፈፉ፣ ውስጠ ክፍት የሸክላ ብሎኬቱና ፌሮው አግድም ተደርድረው አርማታ ፈሰሰባቸው፤ ሲደርቅ ሙሉው ግድግዳ በክሪክ ተነሥቶ ቆመ። የጊልን ድፍረት ከዚህ በላይ የሚያሳይ ሥራ የለም።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ከ1896 እስከ 1907 ያለውን የሽርክናውን ሥራ በጊል ስም ብቻ አትመዝግብ። «ሄባርድና ጊል» ብለህ ጻፍ፤ ብዙ ጽሑፍ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው።