የእናቴ ጉልበትና ከውጭ የተላከው እንክብል፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኛው ስለ ቁርጥማትና ስለ መገጣጠሚያ ህመም ነው፣ ቅዝቃዜው ይሁን ከውጭ ሚላከው ሳፕሊመንት በዝቶ ይሁን እንጃ። ሶስቱን መርጫለሁ፣ የመጀመሪያው ላይ ትንሽ ስለምቆይ ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ ባህር ዳር ሽምብጥ ነው ምንኖረው። እናቴ 61 አመቷ ነው፣ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ነው ያሳደገችን። አሁን ሁለቱም ጉልበቶቿ አልታዘዝ ብለዋታል፣ ተቀምጣ ለመነሳት ግድግዳ ትይዛለች፣ ስግደት ካቆመች ሰንብታለች። ራጅ ተነስታ ሐኪሙ በአጥንቶቹ መሃል ያለው ካርቲሌጅ ሳስቷል፣ ኪሎም ቀንሺ አላት፣ 84 ኪሎ ናት። ውጭ ያለችው እህቴ ግሉኮሳሚን ከኮንድሮይቲን ጋር የተቀላቀለ እንክብልና ኮላጅን ሚባል ዱቄት ላከችላት፣ ጎረቤት ደግሞ የአጥንት ሾርባ ነው መድኃኒቱ ይላል። እሷ ጾም አታፈርስም። ምን ላርግላት? (ልጇ)

መልስ፦ እህቴ፣ ብር የወጣበት እንክብሉ ስለሆነ ከሱ ልጀምር። በፈረንጆቹ 2006 ጋይት የተባለ ትልቅ ጥናት አሜሪካ ውስጥ ወጥቶ ነበር፣ 1583 ጉልበታቸውን ሚያማቸው ሰዎች ለ24 ሳምንት አንዳንዱ ግሉኮሳሚን፣ አንዳንዱ ኮንድሮይቲን፣ አንዳንዱ ሁለቱንም፣ አንዳንዱ ደግሞ ምንም መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ እንክብል ተሰጣቸውና ማን ምን እንደሚውጥ ሳያውቅ ተከታተሏቸው። ማስመሰያውን ከዋጡት ከ100 ወደ 60 ሚሆኑት ተሻለን አሉ! ሁለቱን ደባልቀው ከወሰዱት ደግሞ ከ100 ወደ 67፣ ይሄ ልዩነት የመድኃኒቱ ነው ብሎ ለመናገር አልበቃም። ህመማቸው በጠናባቸው ጥቂት ሰዎች ላይ ሁለቱ አንድ ላይ የረዱ መስሎ ነበር ግን በዛ ላይ ተመርኩዞ ሰውን ግዛ ማለት ይከብዳል፣ የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ ሚባለው የመገጣጠሚያ ሐኪሞች ማህበርም በ2019 መመሪያው ለጉልበት ግሉኮሳሚን አትጠቀሙ ብሎ ቁርጥ አርጎ ጽፏል። ስለዚ እንክብሉን የዋጠች ጎረቤት ወይ የእህትሽ ጓደኛ "እኔን አድኖኛል" ስትል እየዋሸች አይደለም፣ የእውነት ተሽሏታል፣ ያው ግን ባዶውን ብትውጠውም ይሻላት ነበር ይሆናል ነው ነገሩ።

ከመጣ አይቀር መርዝ አይደለም፣ ሶስት ወር ትሞክረውና ለውጥ ከሌለ እህትሽን ሌላ እንዳትልክ ንገሪያት። እናትሽ ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን ምትወስድ ከሆነ ግን እንዳትነካው፣ ደም ሊያፈስ ይችላል። ደሞ አንድ ነገር፣ ግሉኮሳሚን በአብዛኛው ሚሰራው ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት ነው፣ ኮላጅኑ ከከብት ቆዳና አጥንት ወይ ከዓሳ ነው፣ የእንክብሉ ቅርፊት ራሱ ብዙ ጊዜ ከእንስሳ ነው። ጾም ለማያፈርሱ እናት ይሄን ሳይነግሩ መስጠት ደግ አይመስለኝም፣ ጠይቂያትና ራሷ ትወስን።

ኮላጅን ሆድ ሲገባ እንደ ማንኛውም ፕሮቲን ተፈጭቶ ነው ሚዋሃደው፣ ቀጥታ ጉልበት ጋ ሚወስደው መንገድ የለውም። የአጥንት ሾርባውም እንደዛው ነው፣ ይጣፍጣል፣ ለብርድ ጥሩ ነው፣ ላዩ ላይ ሚንሳፈፈው ስብ ግን ለሷ ተጨማሪ ኪሎ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። እርድም ይሉሻል። እርድ አልጫ ውስጥ ገብቶ ሲበላ ማንንም አይጎዳም፣ ትንንሽ ጥናቶችም ህመም በመጠኑ እንደሚያቀል ያሳያሉ፣ በእንክብል ተጨምቆ ሚሸጠውን ግን አልወደውም ምክንያቱም አልፎ አልፎ ጉበት ሚጎዳበት ሰው አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሐኪሙ ኪሎ ቀንሺ ያለው ለወግ አይደለም፣ ጉልበታቸው በተጎዳ ወፍራም ሰዎች ላይ ተለክቶ 1 ኪሎ ሲቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ ሚያርፈው ጫና ወደ 4 ኪሎ ይቀንሳል። እናትሽ 84ቱን 78 ብታረገው በየእርምጃው 24 ኪሎ ወረደላት ማለት ነው፣ ሩብ ኩንታል ጤፍ ሊሞላ ትንሽ የቀረው! ይሄን ሚያረግ እንክብል እስካሁን አልተሰራም።

"እሷ እኮ ጾመኛ ናት፣ ምን ትቀንስ" እንደምትይኝ አውቃለሁ። ጾም ሁሌ አያከሳም እህቴ። እስከ 9 ሰዓት ተቆይቶ ሚፈታበት ሽሮ ላይ ዘይቱ ከጀሪካኑ ቀጥታ ነው ሚንቆረቆረው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን ወደ 120 ካሎሪ አለው፣ እዛ ድስት ውስጥ ስንት ማንኪያ እንዳለ አንድ ቀን ለክተሽ እይው። ከዛ ቡናው አቦል ቶና በረካ እያለ በየስኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር ከገባ 24 ግራም ስኳር ሆነ፣ ዳቦውና ቆሎው ሳይቆጠር። እኔ ብሆን ወጡን ዘይት በማንኪያ ለክቼ እሰራለሁ፣ ከትሪው ግማሹን ጎመንና ቀይ ስር አረገዋለሁ፣ እንጀራውን እቀንሳለሁ፣ ምስርና ሽሮውን ግን አልነካም ምክንያቱም ጡንቻዋን ሚይዝላት ፕሮቲን እሱ ነው። ተልባም ጥሩ ነው፣ ስኳር ካልገባበት። በፍስኩ ጊዜ ደግሞ ጣና አጠገብ ተቀምጦ ዓሳ አለመብላት ይቆጫል፣ ቆረሶ ስብ የለውም ማለት ይቻላል፣ ዘይት ውስጥ ሰጥሞ ከሚወጣው ይልቅ ጉላሽ ወይ በምድጃ የተጠበሰ ይሁን። በጾም ዓሳ ይበላል አይበላም ሚለውን ለንስሐ አባቷ ተይው።

ምግቡ ብቻውን አይበቃም። ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አንድ እግሯን ቀጥ አርጋ ትዘርጋ፣ እስከ አምስት ትቁጠር፣ ቀስ ብላ ታውርድ፣ በየእግሩ አስር አስር ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ከጉልበት በላይ ያለው ጡንቻ ሲጠነክር ጉልበቱ ብቻውን አይሸከምም። ምጣዱን ከዱካ አንስታችሁ ጠረጴዛ ከፍታ ላይ አውጡት፣ እሷም ወንበር ላይ ትሁን። ባህር ዳር ሜዳ በመሆኗ እድለኞች ናችሁ፣ ጠዋት ሳይሞቅ የሐይቁን ዳር ይዞ መራመድ ለጉልበት ሚመች ነው። ቤተክርስቲያን ስትሄድ መቋሚያውን ወይ ምርኩዙን ይበልጥ ከሚያማት ጉልበት በተቃራኒ ባለው እጇ ትያዝ፣ ብዙ ሰው በሚያመው በኩል ነው ሚይዘው፣ ያ ስህተት ነው። ዋንዛዬ ፍል ውሃ ብትወስጃትም ደስ ይለኛል፣ ሙቀት ግትር ያለውን ለጊዜው ያፍታታል፣ ካርቲሌጅ ግን አያበቅልም። ህመሙ ሲበረታ ሚዋጠውን ዲክሎፌናክ በየቀኑ ከምትወስድ ሚቀባውን ትጀምር፣ ለጉልበት በደንብ ይሰራል፣ ጨጓራና ኩላሊቷንም ያን ያህል አይነካም።

ጥያቄ፦ ዓባይ ማዶ ነኝ፣ 47 አመቴ፣ ሹፌር ነኝ። ሌሊት የአውራ ጣቴ ስር ተነፍቶ ቀልቶ አንሶላ እንኳን ሲነካኝ ያስጮኸኛል፣ ሐኪም ቤት ዩሪክ አሲድ ነው ሪህ አለብህ አሉኝ። አሁን ሁሉም ሰው ምስር አትብላ፣ ባቄላ አትብላ፣ ጎመን ተው ይለኛል፣ ታዲያ ጾም ሲገባ ድንጋይ ልብላ ወይ?

መልስ፦ ወንድሜ ምስርህን ብላ። በ2004 የወጣ ብዙ ወንዶችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ሪህ ሚያስነሳው ስጋና የባህር ምግብ እንጂ ጥራጥሬና አትክልት እንዳልሆነ አሳይቷል፣ እርጎና ወተት እንዲያውም ይከላከላል። መተው ያለብህ ሰው ማይነግርህን ነው፣ ዱለት፣ ጉበት፣ ቅዳሜ ሚቆረጠው ስጋና አብሮት ሚወርደው ድራፍት። ቢራ ከአልኮል ሁሉ የከፋው ነው፣ ጠላም ከገብስ ተብላልቶ የተሰራ ስለሆነ ከቢራ ለይቼ አላየውም፣ ለስላሳ መጠጥም ከስኳሩ የተነሳ ዩሪክ አሲድ ይጨምራል። የጾም ችግሩ ምስሩ ሳይሆን ውሃው ነው፣ ቀኑን ሙሉ ሳይጠጣ መሪ ላይ ለሚውል ሰው ዩሪክ አሲዱ ይከማቻል፣ ስለዚ ማታና ሌሊት በደንብ ጠጣ። ከዛ ደሞ የፋሲካ ለት ሁሉንም ባንድ ቀን አትካስ።

የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለህ? ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ከሆነ ዩሪክ አሲድ ከፍ ያረጋል፣ ራስህ እንዳታቆመው፣ ሐኪሙ ይቀይርልህ። ዩሪክ አሲድ ሚቀንሰው አሎፑሪኖል ከታዘዘልህም ህመሙ ሲጠፋ ጠፋ ብለህ አትተወው፣ ደምህ ውስጥ ያለው ዩሪክ አሲድ በዴሲሊትር ከ6 ሚሊግራም በታች ሆኖ መቆየት አለበት፣ በምግብ ብቻ እዛ ሚደርሰው ጥቂት ሰው ነው።

ጥያቄ፦ 27 አመቴ ነው፣ አስተማሪ ነኝ። ጠዋት የሁለቱም እጆቼ ጣቶች አብጠው ቾክ መያዝ ያቅተኛል፣ እስከ ረፋድ አይለቀኝም። ወተት በእርድ ሞከርኩ ምንም የለም። ከገበያ የገዛሁት የባህል ዱቄት ግን በሁለት ቀን አዳነኝ፣ ስተወው ባሰብኝ። ልቀጥልበት?

መልስ፦ አንቺ ላይ አልቀልድም። በሁለቱም እጅ ትንንሽ መገጣጠሚያ ላይ ሆኖ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ ሚያስቸግር እብጠት የራስ ሰውነት መገጣጠሚያን ሚያጠቃበት በሽታ፣ ሩማቶይድ ሚባለው ሊሆን ይችላል፣ ይሄ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት ካልታከመ አጥንት ይበላል። እርድም ሆነ ዓሳ ዘይት አያቆመውም። የዓሳ ዘይት በቀን ወደ 3 ግራም ኦሜጋ ስሪ ሲሆን በመድኃኒቱ ላይ ተጨምሮ ይረዳል፣ 100 ግራም የቆርቆሮ ሰርዲን ወደ 1 ግራም አለው፣ የጣና ዓሳ ግን በኦሜጋ ስሪ እነሱን አያክልም። ይሄ ሁሉ በኋላ ሚመጣ ነው። አሁን የውስጥ ደዌ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ የሩማቶይድ ፋክተርና ኢኤስአር ሚባሉ የደም ምርመራዎች ይታዘዙልሽ፣ ለዚህ በሽታ ሚሰጠውን ሜቶትሬክሴት ከሰጡሽ በሳምንት አንዴ እንጂ በየቀኑ ሚዋጥ አይደለም፣ ለማርገዝ ካሰብሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው።

ዱቄቱን ነው ምፈራው። እንደዛ በሁለት ቀን ሚያድን ዱቄት ውስጥ ብዙ ጊዜ ዴክሳሜታዞን ወይ ፕሬድኒሶሎን ሚባል ስቴሮይድ፣ እብጠት ቶሎ ሚያበርድ ኃይለኛ መድኃኒት፣ ተቀላቅሎ ይገኛል፣ ፊት ያሳብጣል፣ ስኳርና ግፊት ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል። ለሳምንታት ስትወስጂው ከነበረ ባንዴ መተው ራሱ አደጋ አለው፣ የተረፈውን ከነፌስታሉ ይዘሽ ሐኪሙ ጋ ግቢ።